የፖታሲየም ባትሪና የእትዬ ዘሐራ ድስት

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፤ እኔ ባትሪ አልጠግንም። ይህን ለቆቦ ባጃጅ ነጂዎች፣ ለጸጉር አስተካካዬ፣ ለትምህርት ቤታችን ጥበቃ ሁሉ ነግሬ ነግሬ ምላሴ ደርቋል። ሰሚ ግን የለም። አንዴ «ያ ከጎጃም የመጣው መምህር የባትሪ ተመራማሪ ነው» ተብሎ ተወርቷል፤ ወሬ ደግሞ ከወጣ አይመለስም። ጠዋት በሬን ስከፍት ያበጠ የስልክ ባትሪ፣ የሞተ የእጅ ባትሪ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ደጃፌ ላይ ተደርድሮ አገኛለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው የትራክተር ባትሪ በጋሪ ጭኖ መጣና «ትንሽ እይልኝ ብቻ» አለኝ። አየሁለት። «አየኸው?» አለኝ። «አየሁት» አልኩት። እሱም አመስግኖ ባትሪውን ጭኖ ሄደ። እስካሁን ድረስ ከዚያ የተሻለ አገልግሎት ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ዘመኑ ቆቦ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ከቆቦ እስከ ሮቢት ድረስ የሚረዝም ነው። ሲያጥር እንዲህ ነው፤ ለፖታሲየም አዮን ባትሪ የሚሆን፣ ቶሎ የማይፈርስ የናኖኮምፖዚት አኖድ መሥራት።

አትሽሹ፤ ቀላል ነው። የስልካችሁ ባትሪ የሚሠራው በሊቲየም ነው። ሊቲየም ውድና የሰው አገር ነገር ነው። ፖታሲየም ግን ከአመድ ውስጥ እንኳን አይጠፋም። እንግዲህ ለምን በፖታሲየም አንሠራም ስትሉ፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ፖታሲየም ወፍራም እንግዳ ነው። ባትሪው ሲሞላ አኖድ የሚባለው ክፍል ውስጥ ተጋፍቶ ይገባል፤ ባትሪው ሲያልቅ ተጋፍቶ ይወጣል። በገባ ቁጥር ቤቱ ያብጣል፣ በወጣ ቁጥር ይሟሽሻል፤ እንዲህ ጥቂት ጊዜ እንደተመላለሰ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ይፈርሳል። የእኔ ሥራ ይህን ወፍራም እንግዳ ሳይፈርስ የሚያስተናግድ ቤት መሥራት ነው። ግድግዳው ከሰል ነው፤ በከሰሉ ውስጥ ደግሞ ቲን የሚባለው ብረት ለዓይን በማይታይ መጠን ደቅቆ ይበተናል። ናኖኮምፖዚት ማለት ይኸው ነው። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ጭድ እንደገባበት ጭቃ ነው።

ከሰሉን ከማሽላ አገዳ እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ራያ ተቀምጦ ከማሽላ ሌላ ማሰብ ዓባይ ዳር ተቀምጦ ውሃ እንደመግዛት ነው። አንድ የዘነጋሁት ነገር ግን ነበር። እዚህ አገር አገዳ ትራፊ አይደለም፤ የከብቱ ቀለብ፣ የአጥሩ ማገር፣ የጎጆው ክዳን ነው። ዋጃ የሚኖሩት አባ ይማም፣ የተማሪዬ አያት፣ አንድ እቅፍ አገዳ ለምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። አቃጥዬ ባትሪ እንደምሠራበት ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ላም የምትበላውን?» አሉኝ። ላማቸውም ከአጠገባቸው ቆማ አየችኝ። ከሁለቱ የላሟ አስተያየት ነው የከበደኝ። በመጨረሻ ሰጡኝ፤ ሲሰጡኝ ግን ለሕክምና የሚለምን ሰው ፊት እንደሚያዩ አድርገው ነው።

አገዳው ተገኘ፤ ምድጃው ጠፋ። የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦው ተቃጥሎ መለዋወጫ ይጠብቃል። እስከ መቼ ይጠብቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «ይጠብቃል» የሚል ነው። አማካሪዬ፣ ቁጣቸው የፈጠነ ነገር ግን ቅን የሆኑ ዶክተር፣ አየር የማያስገባ ዕቃ ካገኘሁ በከሰል እሳትም መሥራት እንደሚቻል ነገሩኝ። አገዳው አየር ካገኘ አመድ ይሆናል፤ ከታፈነ ነው ከሰል የሚሆነው።

አየር የማያስገባ ዕቃ ፍለጋ አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። የምኖረው ግቢያቸው ውስጥ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ሲደሰቱም ሲቀየሙም ድምፃቸው አይለወጥም፤ ለኪራይ ቤት ነዋሪ ከዚህ የባሰ መከራ የለም። ለወጥ አገልግላ አርጅታ አሁን ፍም የሚያዳፍኑባት፣ ጠርዟ የተሸረፈ የሸክላ ድስት ነበረቻቸው። ክዳኗ ግን ልክክ ይላል። እሷን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው፤ ኬሚካል ስለሚገባባት ከእንግዲህ ለምግብ እንደማትሆንም ነገርኳቸው። «አብሽር» አሉኝ። በማግስቱ ድስቷን አጥበው፣ ከድነው፣ ራሳቸው በሬ ድረስ አመጡልኝ።

ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። የቆቦን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከተነሳ አቧራውን አንስቶ ዓይን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። እሳቴን ሳይነሳብኝ ለማንደድ ተጣደፍኩ። ክዳኑን ስከፍት ከድስቷ ሥር የጉሎ ቅጠል አየሁ። አመድ እንዳይኖርባት ያነጠፉልኝ መስሎኝ በልቤ «ምን ዓይነት ጽዱ ሴት ናቸው» ብዬ፣ ቲን በሟሟበት ውሃ የነከርኩትን አገዳዬን ከላዩ ላይ ገለበጥኩት። የክዳኑን ዙሪያ በጭቃ መረግሁ፤ ለጭስ መውጫ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ተውኩ፤ ጓሮ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ከሰል አንድጄ ቀበርኳት። የሙቀት መለኪያውን ይዤ እንደ አራስ ጠባቂ ስቆም ዋልኩ። ግቢው ሁሉ የቅቤ ሽታ ሸተተ። የሚያነጥረው ጎረቤት ማን ይሆን እያልኩ ምራቄን ዋጥኩ።

ያቺ የመጀመሪያ ዱቄት ጉድ ሠራች። ዩኒቨርሲቲ ወስደን የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ሠራንባት። ከማሽኑ ጋር ተያይዛ ትሞላለች፣ ታልቃለች፣ ትሞላለች፣ ታልቃለች። ሌላው ተማሪ የሠራው ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ሲፈርስ የእኔዋ ንቅንቅ አላለችም። ወፍራሙ እንግዳ ገብቶ ወጣ፣ ገብቶ ወጣ፤ ግድግዳው ምንም አልሆነም። አማካሪዬ በማጉያው ዱቄቱን አዩና እያንዳንዱ ቅንጣት ቀጭን ካባ እንደለበሰ፣ ሳይፈርስ የያዘውም ካባው እንደሆነ ነገሩኝ። ካባው ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ማሽላው የራያ ማሽላ ስለሆነ ነው አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት። ደረቴን ነፍቼ ቆቦ ተመለስኩ፤ ድስቷንም ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ጠቁራና ጭር ብላ፣ ለእትዬ ዘሐራ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አመሰገንኳቸው እንዴ? ይመስለኛል። እንጃ።

ሳይንስ ግን አንድ ክፉ አመል አለው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አልሆነም ይላል። ድገመው አሉኝ። ምን ገዶኝ፤ ከአባ ይማም ሌላ እቅፍ አገዳ ለመንኩ፣ ላሟም ሌላ እይታ ጨመረችልኝ፤ ድስቷንም እንደገና ተዋስኩ። ያው አገዳ፣ ያው ቲን፣ ያው ድስት፣ ያው ጉድጓድ። ባትሪዋ ተሠራች፤ በሳምንቷ ፈረሰች።

ደገምኩ። ፈረሰች።

ከዚህ በኋላ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። መጀመሪያ ጥፋቱን በማሽላው ላይ ጣልኩ። አባ ይማም የመጀመሪያው አገዳ ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ጥግ እንደመጣ እንዲነግሩኝ ዋጃ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አንድ ላም የበላችውን ሣር ከየት እንዳጨደው የሚያስታውስ ሰው ካገኘሁ እንዳስተዋውቃቸው ለመኑኝ። ቀጥሎ ጥፋቱን በከሰሉ ላይ ጣልኩና ሻጯን የግራር ነው ወይስ የሌላ እንጨት ብዬ ሰላም ነሳኋት። ከዚያ በጭቃው፣ ከዚያ በንፋሱ። ይባስ ብዬ የመጀመሪያው ቀን የለበስኩትን ሸሚዝ ለብሼ አገዳውን አቃጠልኩ። አዎ፣ የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን «ሁኔታዎችን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ያዙ» ብዬ የማስተምር እኔ ነኝ፤ ሸሚዜንም አንድ ዓይነት አድርጌ ያዝኩ። ሰው መላ ሲያጣ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ጥንቆላ ነው የሚሄደው።

አማካሪዬ ደወሉልኝ። ሲቆጡ አውቃቸዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጡም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የመጀመሪያው ውጤት የማይደገም ከሆነ ከጽሑፉ እንደሚወጣ፣ እሱ ከወጣ ደግሞ የሚቀር ጽሑፍ እንደሌለ፣ ጥናቴን በመርማሪዎች ፊት የማቀርብበት ዲፌንሱም አንድ ዓመት እንደሚገፋ በዝግታ አስረዱኝ። በመጨረሻም «ልጄ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ከራስህ ፈጥረህ አልጻፍከውም አይደል?» አሉኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዓመቱ ቢገፋ ይገፋ፤ አጭበርባሪ መባል ግን ልቤን ሰበረው። የሠራሁትን እኔ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት እንደሠራሁት አላውቅም። ከውሸታም የሚለየኝ ነገር ምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ። በዚያ ላይ አንድ ሰው መጥቶ የሞተ የእጅ ባትሪ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ተቀበልኩት። ምን ላድርግ።

የቀረችኝ አንዲት ያልጠየቅኋት ሰው እትዬ ዘሐራ ነበሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ቀን ድስቷን በምን እንዳጠቡ ጠየቅኋቸው፤ በውሃ። በአመድ አሽተዋል? አሽተዋል። የምን አመድ? የምድጃ። ወተት ገብቶባት ያውቃል? ማር? ጨው? እንደ ፖሊስ አፋጠጥኳቸው። እሳቸውም እንደ ምስክር መለሱልኝ። በመጨረሻ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ፣ ሁሉም ያው ከሆነ የመጀመሪያው ለምን እንደሠመረ ሌሎቹ ለምን እንደፈረሱ እንዳልገባኝ፣ ትምህርቴ ገደል እየገባ እንደሆነ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘሐራ ለአፍታ መሬት መሬት አዩ።

«የመጀመሪያው ጊዜ ነው ቅቤ ያስቀመጥሁልህ» አሉ።

«የምን ቅቤ?»

«ከድስቷ ሥር፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ። ለብቻህ የምትኖር የሰው አገር ሰው ነህ፤ እንጀራህን ታለሰልስበት ብዬ።»

የግቢው የቅቤ ሽታ፣ ምራቄ፣ ካባው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ጎረቤት አልነበረም የሚያነጥረው፤ እኔ ነበርኩ። ቅቤው ታፍኖ ቀልጦ፣ አገዳው ላይ ተለብጦ፣ ከስሎ፣ እያንዳንዷን ቅንጣት ካባ ያለበሳት እሱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ለምን እንዳላስቀመጡ ጠየቅኋቸው። በአክብሮት ነው የጠየቅሁት ብዬ አስባለሁ፤ ድምፄ ግን ጮኾ ነበር።

«እኛ ዘንድ መምህር፣ ዕቃ ባዶውን አይሄድም፣ ባዶውንም አይመለስም። እኔ ባዶዋን አልሰጠሁህም። አንተ ግን ባዶዋን መለስህልኝ፤ ስለ ቅቤውም አንድ ቃል አልተነፈስህ። ሰጥቶ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ ባዶዋን ሰጠሁህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የጎጃም ሰው ነኝ፤ ይህን ሥርዓት የማላውቅ አይደለሁም። እናቴ የጎረቤት ሰፌድ እንኳን ስትመልስ አንድ እፍኝ ሽምብራ ጣል ሳታደርግበት አትመልስም ነበር። ማሽላውን ከሰስኩ፣ ከሰሉን ከሰስኩ፣ ንፋሱን ከሰስኩ፣ የራሴን ሸሚዝ ሳይቀር መረመርኩ። አንድ ዓይነት አድርጌ ያልያዝኩት ነገር ጠባዬ ነበር።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ምስር፣ ሳሙና፣ ያየሁትን ሁሉ ሸመትኩ። ሸቀጡ በየማሸጊያው ሆኖ ድስቷ እስክትጨናነቅ ሞላኋትና ክዳኗ ከላይ እየተንገዳገደ ለእትዬ ዘሐራ ወስጄ ሰጠኋቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ቅቤውን እንዳቃጠልኩትም ተናዘዝኩ። ያንን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የተለወጠው። በድስቷ ባዶነት ይቅር ብለውኛል፤ ቅቤውን ማቃጠሌን ግን ለመቀበል ጊዜ ፈጀባቸው። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን ድስቷ መጣች፤ ስከፍታት የጉሎ ቅጠል ነበረባት። አቃጠልኩ፤ ወሰድኩ። ባትሪዋ ተሠራች፤ ሳምንት ሞላት፤ ሁለት ሳምንት ሞላት። አልፈረሰችም።

ተገላገልኩ ብላችሁ ይሆናል። አማካሪዬን አታውቋቸውም። ደስታቸውን ሲጨርሱ ቅቤው ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቁኝ። የእንቁላል ያህል ነው አልኳቸው። የዶሮ ነው የሰጎን አሉኝ። ጽሑፉ ላይ «አከራይዋ እንደወደደች» ተብሎ እንደማይጻፍ፣ በሚዛን ተለክቶ እንደገና ተሠርቶ እንዲመጣ፣ ይህም ካልሆነ እንደማይፈርሙ ነገሩኝ። ዲፌንሱ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

የራሴን ቅቤ ከገበያ ለመግዛት ሞክሬ ነበር። እትዬ ዘሐራ ቅቤውን ይዤ ስገባ አዩኝና የእሳቸው ቅቤ ምን ሆኖብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእርስዎ ነው የገዛሁት አልኳቸው፤ ጠቅላላው ቅቤ ለምሳቸው ሄደ። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሚዛኑን በደብዳቤ ተውሼ ክፍሌ አስገባሁ። ድስቷን ራሳቸው አመጡልኝ፤ አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ሄዱልኝ። ቅጠሉን ፈትቼ ቅቤውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን እያነበብኩ ሳለሁ በሬ ላይ ጥላ አረፈ። ቆቦ ሙቀቱ በር አያዘጋም፤ ክፍት ነበር። እትዬ ዘሐራ የረሱትን የድስቷን ክዳን ይዘው ቆመዋል። ቅቤያቸውን አዩ። ሚዛኑን አዩ። እኔን አዩኝ።

«ጎደለብህ እንዴ፣ መምህር?»

ስለ ፖታሲየም፣ ስለ ወፍራሙ እንግዳ፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ግራሙ እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። «እሺ» ብለው ክዳኑን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። የእሳቸው «እሺ» ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚለካ ሚዛን ግን የትም ላብራቶሪ የለም። ያንን ቅቤ ቁጥሩን መዝግቤ አቃጠልኩት፤ ባትሪዋም ጸናች። አማካሪዬ ደስ አላቸውና ለማረጋገጫ አንድ የመጨረሻ ጊዜ፣ በዚያው ግራም፣ ድገምልኝ አሉኝ። ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ አሉ።

ድስቷን በማሸጊያው ያለ ስኳርና ቴምር ሞልቼ መለስኩ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። እንደገና ባዶዋን ብትመጣ ምን እንደምሆን ሳስብ ከረምኩ። ሐሙስ ረፋድ ላይ እትዬ ዘሐራ ድስቷን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ፤ ከበድ ብላለች። አስቀመጡልኝ፤ ክዳኑም አብሮ እንዳለ አሳዩኝ። «አሁን አይጎድልብህም» ብለው ወጡ።

ከፈትኩት። ድስቷን እንዳይነካ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበለት ቅቤ የበፊቱን ሁለት እጥፍ ያህላል።

በዚያ ሙቀት በሬን ዘጋሁ፤ መስኮቴንም ዘጋሁ። ላቤ ሚዛኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጭንቅላቴን በፎጣ ጠምጥሜ፣ እንደ ሌባ እየተደበቅሁ ቅቤውን በቢላ ቆረጥኩ። የጎደለው ሲበዛ፣ የበዛው ሲጎድል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ገጠመልኝ። የገጠመውን ያህል ለአኖዱ ሰጠሁት፤ ኋላም ባትሪዋ ጸናች፣ አማካሪዬም ፈረሙልኝ። ያን ቀን ግን ሚዛኑ ላይ የማይፈለገው የቀረው ግማሽ ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ እየቀለጠ ቢያየኝ እንጀራ አወጣሁና፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። በላሁት። ከዚያ በሬን ከፍቼ ወደ እትዬ ዘሐራ ተሻገርኩና ቅቤያቸው እንዴት እንደሚጣፍጥ ነገርኳቸው።